ሳይሰጡን የወረስነው ዘፈን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለበዓሉ በሰላም አደረሳችሁ! ቅርብ ያላችሁም፣ ከቤተሰብ ርቃችሁ የምታከብሩም፣ በዓሉ የጤናና የፍቅር ይሁንላችሁ።

ዛሬ ስለ አንድ ውርስ ላወራችሁ ነው። ቤት አይደለም፣ ገንዘብም አይደለም። የዘፈን ፍቅራችን ነው።

እስቲ አስቡት። ከመወለዳችሁ በፊት ከወጡ ዘፈኖች ስንቱን በቃላችሁ ታውቁታላችሁ? ቁጭ አድርጎ ያስተማራችሁ ሰው የለም። እናታችሁ ሥራ እየሠራች ስታንጎራጉር ሰማችሁ። አባታችሁ ሬዲዮኑን ከፍ አድርጎ «ቆይ ዝም በሉ፣ ይቺን ልስማት» ሲል ሰማችሁ። እኔ ልጅ ሳለሁ አባቴ የሚወደውን ዘፈን የምለየው ከፊቱ ነበር። ግጥሙ ምን እንደሚል አይገባኝም። ግን ያን ፊት ሳይ ዝም እል ነበር። ዛሬ ያንኑ ዘፈን ስሰማ ደስታው የእኔ ይሁን የእሱ መለየት ያቅተኛል።

የኮርኔል ዩኒቨርሲቲዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ካሮል ክሩምሃንስል ከባልደረባዋ ጋር ይህንኑ አጥንታለች። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው። ዕድሜያቸው 20 ዓመት አካባቢ ለሆነ ወጣቶች ከ1955 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተወደዱ ዘፈኖችን አሰሟቸው። ወጣቶቹ የራሳቸው ዘመን ዘፈን ትዝታ ቢቀሰቅስባቸው አይገርምም። የሚገርመው፣ ወላጆቻቸው ወጣት በነበሩበት በ1980ዎቹ መጀመሪያ የወጡትም ትዝታቸውን መቀስቀሳቸው ነው። የ1960ዎቹም እንደዚሁ። ተመራማሪዎቹ የ1960ዎቹን ያመጣው ምናልባት አያቶች ቤት ውስጥ ይሰሙት የነበረው ሊሆን ይችላል ብለዋል። እኔ ይህን ሳነብ ልቤ ነው የሞቀው።

ጆሮ የሚቀረጸው ደግሞ በጣም በጊዜ ነው። ኤሪን ሃነንና ሳንድራ ትሬሁብ የተባሉ ተመራማሪዎች የሰሜን አሜሪካ ሕፃናትን ውስብስብ የባልካን (የደቡብ ምሥራቅ አውሮፓ) ምት አሰምተዋቸው ነበር። የ6 ወር ሕፃናት ምቱ ሲሰበር ያውቃሉ። ዓመት የሞላቸው ግን የሚለዩት የለመዱትን ምት ብቻ ነው። ደስ የሚለው፣ እነዚህ የዓመት ልጆች ያንን ሙዚቃ ቤታቸው ለጥቂት ጊዜ ሲሰሙ ችሎታው ይመለስላቸዋል። ትልልቅ ሰዎች ላይ ይህ አልሠራም። ቤት ውስጥ የሚከፈት ዘፈን ለሕፃን ልጅ ተራ ድምፅ አይደለም ማለት ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ይህ ውርስ የሚተላለፈው ድምፁ የሁላችንም ሲሆን ነው። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ1979 የመጀመሪያውን ዎክማን (ይዘውት የሚዞሩት የካሴት ማጫወቻ) ሲያወጣ፣ ሁለት ሰው አብሮ እንዲሰማ የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያው ሁለት ነበር። ያ ሐሳብ አልዘለቀም። ዛሬ አንድ ሶፋ ላይ ተቀምጠን እያንዳንዳችን በየጆሯችን ነን። ልጁ የእናቱን ዘፈን አይሰማም፣ እሷም የእሱን አትሰማም። ለእሱ የሚመርጥለት ስልኩ ነው። ስልኩ ጥሩ ዘፈን ሊያመጣለት ይችላል፣ የእናቱን ፊት ግን አያሳየውም።

ልጆችን መውቀሴ አይደለም። ለወላጆችም አንድ ነገር ልበል። ልጃችሁ የሚወደውን ሲያሰማችሁ «ይሄ ደግሞ ዘፈን ነው?» አትበሉት። እንዲህ የተባለ ልጅ ሁለተኛ አያሰማችሁም፣ የእናንተንም አይሰማም። እስከ መጨረሻው ስሙለት። የቱ ጋ እንደሚወደው ጠይቁት።

ለበዓሉ የምጠይቃችሁ ይኸው ነው። ኢርፎኑን አውልቁና ዘፈኑን ቤቱ ሁሉ እንዲሰማው ክፈቱት። እናትና አባታችሁን «በወጣትነታችሁ ምን ትሰሙ ነበር? ከማን ጋር?» በሏቸው። ያልሰማችሁት ታሪክ ይወጣል። ፈቃዳቸው ከሆነ ሲያንጎራጉሩ ቅረጹልኝ። ዋናውን ዘፈን ኢንተርኔት ላይ ታገኙታላችሁ። እናታችሁ ግጥሙን አሳስታ የምትለውን፣ መሃሉን ረስታ በ«ላላላ» የምታልፈውን ግን የትም አታገኙትም።

ወላጆቻችሁን ያጣችሁ ወዳጆቼ፣ በዓል እንደሚከብዳችሁ አውቃለሁ። የእነሱን ዘፈን ለልጆቻችሁ ወይም ለወንድም እህቶቻችሁ ክፈቱላቸው፤ የማን እንደነበረም ንገሯቸው።

ከቤታችሁ የወረሳችሁትን ዘፈን ጻፉልኝ፣ እኔም ልስማው። መልካም በዓል!