የፊደል ገበታውን አፍርሰን ለወንድሜ እንደገና ሠራነው

ወንድሜ ሰሞኑን ከእኛ ጋር መከራከር ጀምሯል። ስለ ኳስ፣ ስለ ወጡ ጨው፣ ስለማይመጣው ውሃ። የሚከራከረው በኮምፒውተር እየጻፈ ነው። ደስታዬን ለብቻዬ መያዝ ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። ደግሞም ቤታችሁ እንደሱ ያለ ሰው ካለ፣ እኛ የደከምንበትን እናንተ ከዜሮ አትጀምሩት።

የምንኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። ወንድሜ ሴሬብራል ፓልሲ አለበት፤ ከአንጎል ጉዳት የሚመጣ የእንቅስቃሴ ችግር ነው። ይሰማል፣ ያነባል፣ ሁሉንም ይረዳል። እጁና ምላሱ ግን አይታዘዙለትም። ደህና አድርጎ የሚያዘው አንገቱን ነው፤ ራሱን ወደ ግራ ማዘንበል ይችላል።

ስለ መጀመሪያው ጊዜ ብዙ አልልም። ሥዕል ያለበት ካርቶን ነበረን። ውሃ፣ ምግብ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ። ይሄ ለትልቅ ሰው አይበቃም። የጎረመሰ ልጅ ከውሃና ከሽንት ቤት ሌላ የሚያወራው ነገር የለውም እንዴ? ማንበብ ለሚችል ሰው ሥዕል ብቻ ሰጥቶ መቀመጥ እኔ በደል ነው የምለው።

ስዊቹን፣ ማለትም ኮምፒውተሩን የሚያዝበትን አንዷን ቁልፍ፣ በቀላሉ አገኘነው። ውጭ አገር የሚሸጠው ዋጋው አይቀመስም። እኛ አሮጌ ማውስ ፈታን። ሰፈር ያለ ሬዲዮ ጠጋኝ ከግራው ቁልፍ ሁለት ገመድ አውጥቶ ከበር ደወል መጥሪያ ጋር በየደልን። መጥሪያውን ከወንበሩ ራስ መደገፊያ አጠገብ አሰርነው። ራሱን ሲያዘነብል ማውሱ ክሊክ ያደርጋል። አለቀ። አንድ ክሊክ ላለው ሰው ደግሞ ስካኒንግ የሚባል ዘዴ አለ። ስክሪኑ ላይ ፊደሎቹ በየተራ ይበራሉ፣ የሚፈልገው ላይ ሲደርስ ይጫናል። ስቴፈን ሃውኪንግም በጉንጩ እንቅስቃሴ እንዲህ ነበር የሚጽፈው። ዊንዶውስ ውስጥ ያለው የስክሪን ኪቦርድም በራሱ ስካን ያደርጋል። እንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሰው ነገሩ እዚህ ላይ ይቃለላል።

ለአማርኛ ግን ገና መጀመሩ ነው። 33 ቤት በ7 ሲባዛ 231 ፊደል ነው። እኔ ጃቫስክሪፕት የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ እየተማርኩ ስለነበር ያለ ኢንተርኔት የሚሠራ ገጽ ጻፍኩ። መጀመሪያ ያስቀመጥኩት ግድግዳ ላይ እንደሚሰቀለው ገበታ ነበር፤ ከሀ እስከ ፐ፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ። መብራቱ መጀመሪያ በረድፎቹ፣ ከዚያ በተመረጠው ረድፍ ፊደሎች ላይ ይሄዳል፤ በእያንዳንዱ ላይ ሰከንድ ተኩል ይቆያል። አሁን ‘ን’ን እንጻፍ። ነ 14ኛው ረድፍ ላይ ነው፤ ሳድሱ ደግሞ ስድስተኛ ነው። 20 እርምጃ፣ 30 ሰከንድ። ለአንዲት ን! ‘የ’ ደግሞ 23ኛ ረድፍ ላይ ናት። ስንቱ ቃላችን በ‘የ’ እንደሚጀምር አስቡት። ወንድሜ አንገቱ ዝሎ ተወው። እኔም አለቀስኩ።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መርሳት ነበር። ሀሁ ልጅ ፊደል እንዲቆጥር የተደረደረ ነው፤ ለስዊች የተደረደረ አይደለም። ከጋዜጣና ከመማሪያ መጽሐፍ ገጾች ላይ ፊደል ለቀምኩ። ሳድስ በብዛት ሁሉንም ይበልጣል። ቀጥሎ ግዕዝ፣ ከዚያ ራብዕ። ስለዚህ አሁን ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቤቱን ይመርጣል፣ ከዚያ ሰባቱ ይመጣሉ፤ ሳድስ ቀድሞ፣ ኃምስ መጨረሻ።

ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸውንም ቀነስን። ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ ዐይኑ ዐ ወጡ። ይሄን ስናገር የሚቆጡ አሉ፤ ቅርስ ነው ይሉኛል። ቅርስነቱን እኔም አምናለሁ። ግን እያንዳንዱ ትርፍ ፊደል የወንድሜን አንገት ያደክማል። ፀሐዩን ፀ ላወጣ ስል ግን ወንድሜ ራሱ እምቢ አለ። ስሙ የሚጀምረው በእሷ ነው። ስለዚህ ጸሎቱን ጸ አውጥተን ፀሐዩን አስቀረን። 28 ቤት ቀረ፤ አራት ረድፍ በሰባት። ብዙ የሚሠራባቸውን ከላይ ወደ ግራ ጥግ ሰበሰብናቸው። ‘ን’ አሁን ሦስት እርምጃ ናት፤ ረድፉ፣ ቤቱ፣ ሳድሱ፤ አራት ሰከንድ ተኩል። ‘የ’ ስድስት እርምጃ፣ ዘጠኝ ሰከንድ። ጓ፣ ቋ እና ኳ ደግሞ በየቤታቸው፣ ኋ በሀ ቤት ስምንተኛ ሆነው ገቡ፤ ‘ግዋደኛ’ ብሎ መጻፍ አልፈልግም ስላለ።

በዚህ ገበታ ከጻፋቸው የመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ‘ኳስ ስናይ አታውሪ’ የሚል ነው። ለእኔ።

ሁለት ነገር አጥብቄ እለምናችኋለሁ። ቃሉን አትጨርሱለት። ‘ገባኝ ገባኝ’ እያሉ መቅደም የሰውን አፍ መዝጋት ነው። እማዬ እስካሁን ታደርገዋለች፤ ከፍቅር ነው፣ ግን ያናድደዋል። ሁለተኛ፣ የመብራቱን ፍጥነት እሱ ይወስን። ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም፤ ሲበርደውና ሲደክመው ጡንቻው ይገታተራል። ገበታውንም በወረቀት አትማችሁ አስቀምጡ። እኛ ሰፈር መብራት ሲጠፋ እኔ በጣቴ ረድፎቹን አሳየዋለሁ፣ እሱ ዓይኑን ወደ ላይ ያደርጋል። ሥራው ያው ነው።

ድምፁ ላይ ገና ነኝ። ማይክሮሶፍት መቅደስ እና አምሀ የሚባሉ ጥሩ የአማርኛ ድምፆች አሉት፤ በኤጅ ብራውዘር ያነባሉ፤ ኢንተርኔት ግን ይፈልጋሉ። ኢስፒክ ኤንጂ የሚባለው ጽሑፍ አንባቢ ፕሮግራም ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም አማርኛ ያነባል፤ ድምፁ ግን የማሽን ነው። ወንድሜ የመረጠው አምሀን ነው። ስለዚህ ኔትወርክ ሲኖር ይናገራል፣ ሳይኖር እናነብለታለን።

አሁን የተቸገርኩት በቃላት መካከል በሚገባው ክፍተት ነው። ክፍተቱ ከአራቱ የፊደል ረድፎች በታች፣ አምስተኛው ረድፍ ላይ ስለሆነ ይረዝምበታል፣ ስለዚህ ትቶታል። ቃላቱን ገጥሞ ይጽፋል። እኛ እናነበዋለን፤ አምሀ ግን ሁሉንም እንደ አንድ ቃል ይዞት ይሮጣል። ወደ ላይ ባመጣው የ‘ን’ እና የ‘ት’ ቦታ ሊወሰድ ነው። ስዊቹን ረዘም አድርጎ መጫን ክፍተት ቢሆንስ ብዬ ነበር፤ አንገቱን ያን ያህል መያዝ ይከብደዋል። እንዲህ ያለ ገበታ የሠራችሁ ካላችሁ ክፍተቱን የት እንዳስቀመጣችሁት ንገሩኝ።