የአያቴ ፎቶ ቀለም አገኘ

አያቴ ጅማ፣ ቤታቸው ደጃፍ ላይ ባለሦስት እግር በርጩማ ላይ ተቀምጠው የተነሱት ጥቁርና ነጭ ፎቶ አለን። ታጥፎ ስለኖረ ስንጥቁ ትከሻቸውን አቋርጦ ያልፋል። ጥጉን ደግሞ እርጥበት በልቶታል። የጅማን ክረምት የሚያውቅ ያውቀዋል።

መጀመሪያ በ1200 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 1200 ነጥብ፣ ስካን አደረግኩት። በስልክ ማንሳት ይቀላል፣ ግን ነጸብራቁ ያስቸግራል። ዋናውን ቅጂ ቲፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት አስቀመጥኩ፤ የተለመደው የፎቶ ፋይል ጄፔግ ታርሞ በተቀመጠ ቁጥር ጥራቱ ይቀንሳል። ከዚያ በፎቶሾፕ ከስንጥቁ ጎን ካለው ደህና ቦታ እየቀዳሁ ደፈንኩት። የፊታቸውን መስመሮች አልነካሁም። የዕድሜያቸው ናቸው፣ ማን ይደፍራል?

ቀለሙ ላይ ነው ጉዱ። ጥቁርና ነጭ ፊልም የብርሃኑን መጠን እንጂ ቀለሙን አይዝም። ቀይና አረንጓዴ አንድ ዓይነት ግራጫ ሆነው ሊወጡ ይችላሉ። ስለዚህ ቀለም እንዲቀባልኝ የሰጠሁት ኤአይ (ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ቀለሙን የሚሰጠው ከሌሎች ፎቶዎች በተማረው መሠረት ገምቶ ነው። አያቴን አፈካቸው፤ በጣም ከፋኝ። ጠይም ነበሩ፣ ጥርት ያሉ ጠይም። የቀሚሳቸውን ጥለት ደግሞ ሰማያዊ አደረገው። ለአክስቴ አሳየኋቸው።

«ኧረ አረንጓዴ ነው! ያንን ቀሚስ ስንቴ አጥቤዋለሁ!» አሉኝ።

ቆዳቸውንም ጥለቱንም በሌላ ሌየር (ከፎቶው በላይ በሚደረብ ንጣፍ) ላይ በእጄ አስተካከልኩ። አክስቴ ስክሪኑን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው ቆዩና «አሁን እሷ ናት» አሉ።

ለአክስቶቼ ልጆች ሁለቱንም ልኬላቸዋለሁ፣ ጥቁርና ነጩንም ባለቀለሙንም። በበርጩማው ቀለም ግን እስካሁን እየተከራከርን ነው።