መጥረጊያ እየሠራሁ የተማርኩበት ኮሌጅ

ክርስቲያን ኮሌጅ ነው የተማርኩት ስል ሰው ቀድሞ የሚጠይቀኝ ጸሎት ግዴታ ነው ወይ፣ አለባበስስ ምናምን እያለ ነው። እኔ ግን ቤሪያ ሲባል ቶሎ የሚመጣብኝ የመጥረጊያው ወርክሾፕ ነው።

ቤሪያ አሜሪካ፣ ኬንታኪ ግዛት ውስጥ የአፓላቺያ ተራሮች ጥግ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት፣ የኮሌጁም ስም ያው ነው፣ ተማሪው 1500 ገደማ ቢሆን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1892 ጀምሮ ተማሪ የትምህርት ክፍያ ከኪሱ አይከፍልም፣ የሚቀበሉትም አቅም የሌለውን ልጅ ነው። ግን ሁሉም ይሠራል፣ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት፣ ላይብረሪ በለው እርሻ በለው ኩሽና በለው፣ እኔ አልሠራም የሚባል ነገር የለም።

ለኔ የደረሰኝ መጥረጊያ ነበር። እዛ ተማሪ ከ1920 ጀምሮ በእጁ ይሠራዋል። ጭራሮው መጀመሪያ ውሃ ይነከራል አለዚያ ይሰባበራል፣ ከዛ እጀታው ላይ ሽቦውን ወጥረህ እየያዝክ ትጠመጥመዋለህ፣ ሽቦው ትንሽ ከላላ አለቀ፣ ፈተህ እንደገና ነው፣ ከዛ ተጨፍልቆ በወፍራም ክር ይሰፋል። የመጀመሪያው ሳምንት ጣቶቼ ተላልጠው እስክሪብቶ መያዝ አቅቶኝ ነበር። አንድ ቀን ሱፐርቫይዘሬን ይሄ ምን ተክል ነው ብዬ ጠየቅኩት፣ የማሽላ ዓይነት ነው አለኝ፣ ማሽላ! ዘለላው የረዘመው ዓይነት። ከዛን ቀን በኋላ ሥራው ባዳ አልሆነብኝም።

ኮሌጁን በ1855 የጀመረው ጆን ፊ የሚባል ሰባኪ ነው፣ ሰው እንደ ዕቃ በሚሸጥበት አገር ባርነት ኃጢአት ነው ብሎ የቆመ ሰው። በ1859 የታጠቁ ሰዎች መጥተው እሱንም አብረውት የነበሩትንም ከኬንታኪ አስወጧቸው፣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ካለፈ በኋላ ግን ተመልሰው ጥቁሩንም ነጩንም አንድ ላይ አስተማሩ፣ በ1866 ከ187 ተማሪ 96ቱ ጥቁር 91ዱ ነጭ ነበር። የኮሌጁ መመሪያ ከሐዋርያት ሥራ 17፥26 የተወሰደ ነው፣ እግዚአብሔር የምድርን ሕዝብ ሁሉ ከአንድ ደም ፈጠረ የሚል። ሌላው ግድግዳ ላይ የሚሰቅለውን ጥቅስ እነዚህ ሰዎች ክፍል ውስጥ ወንበር አድርገውታል፣ እኔ ክርስቲያን ኮሌጅ የምለው ይሄንን ነው።

ከዛ በ1904 የኬንታኪ መንግሥት ጥቁርና ነጭ አብሮ እንዳይማር ሕግ አወጣ። ኮሌጁ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄዶ ተከራከረ፣ በ1908 ተረታ፣ በሩ ለጥቁር ተማሪ የተከፈተው ሕጉ ሲሻሻል በ1950 ነው። 46 ዓመት! ካርተር ውድሰን፣ የጥቁሮችን ታሪክ ሳምንት በ1926 ያስጀመረው ሰው፣ ከቤሪያ የተመረቀው በ1903 ነው። አንድ ዓመት ብቻ ቢዘገይ ኖሮ ብዬ ሳስብ ውስጤ ይረበሻል፣ የዘገዩት ደሞ ስማቸውን እንኳ አናውቅም።

እንዴት ላመልክት እያላችሁ ለምትጽፉልኝ ልጆች፣ ከውጭ የሚቀበሉት በየዓመቱ ጥቂት ሰው ነው፣ እና ማርክ ብቻ አትደርድሩ፣ እጃችሁ የሠራውን ነገር ጻፉ። እኔ የጻፍኩት የአጎቴ ሱቅ ውስጥ ጆንያ ስሸከምና ሂሳብ ስይዝ ስለነበርኩበት ክረምት ነው።