አራተኛው ሞገድ ላይ የቆመው አባ ኮዳ

የእርግዝናዬን 34ኛ ሳምንት ይዣለሁ። ለምጥ ትንፋሽ የምለማመድበት ዘጠኝ ሞገድ ያለው ሥዕል አለኝ። ትናንት ማታ፣ በምጥ ሕመም ፈንታ በረዶ ጨብጬ፣ በጣቴ ሰባት ሞገድ ሄድኩ! ሁለት ይቀረኛል።

የመጀመሪያ ልጄን ስወልድ ትንፋሼን ቆልፌ ስጮህ ነው ያደርኩት። ለአሁኑ አዋላጇ «ዓይንሽን የምታሳርፊበት ነገር ይዘሽ ነይ» ብትለኝ ስልኬን በባሕር ዳርቻና በአበባ ፎቶ ሞላሁት። አልሆነም። ስልክ ይደወልበታል፣ ባትሪው ያልቃል። «ማህፀንሽ እንደ አበባ ሲፈካ አስቢ» የሚሉት ነገር ደግሞ እኔን ያስቀኛል እንጂ አያረጋጋኝም። የማላውቀው ባሕር ምኔ ነው? እኔ የማውቀው ውሃ የሐዋሳውን ፍቅር ሐይቅ ነው፤ ጠዋት፣ ንፋስ ሳይነሳ።

በልጄ የውሃ ቀለም ሞገድ ሳልኩ። ጣት ሞገዱን ተከትሎ ሲወጣ እስከ አራት እየቆጠሩ አየር ማስገባት፣ ሲወርድ እስከ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት። አንዱ ሞገድ አሥር ሰከንድ ገደማ ይፈጃል። ምጥ ሲበረታ አንዱ ቁርጠት ከ60 እስከ 90 ሰከንድ ስለሚቆይ ዘጠኝ ሞገድ ደረደርኩ።

ያስቸገረኝ ጫፉ ነው። ሹል አድርጌ ስዬው ስለነበር ጣቴ እዚያ ሲደርስ ትንፋሼም አብሮ ቀጥ ይላል፤ ትከሻዬ ጆሮዬን ሊነካ ይደርሳል። ሦስት ወረቀት አበላሸሁ። ጫፉን ዱልዱም አድርጌ ቁልቁለቱን ሳስረዝመው ተለቀቀልኝ። ግን አራተኛው ሞገድ ላይ በረዶው እጄን ሲያቃጥለኝ ሥዕሉን ትቼ ባለቤቴን መቆጣት ያዝኩ። (ጮክ ብሎ ይቆጥራል፤ ለባሎቻችሁ እንዳትፈቅዱ።) አንድ ቀን ጥቁር ቀለም አራተኛው ላይ ተንጠባጠበ። እግርና መንቆር ቀጠልኩለት፤ ሐዋሳ ዓሣ ገበያው አሞራ ገደል የዓሣ ትራፊ የሚጠብቅ አባ ኮዳ፣ ያ ራሰ በራ ትልቅ አሞራ፣ ሆነ! አሁን እሱ ጋ ስደርስ ፈገግ እላለሁ፤ የነከስኩት መንጋጋ ይላላል።

በየቀኑ ተለማመዱ። እኔ በሳምንት ሁለቴም አልሞላም፣ ግን እናንተ ተለማመዱ። ሥዕል ምጥን አያጠፋም። ደም ወይም የእንሽርት ውሃ ካያችሁ ደግሞ የሚያስፈልጋችሁ ሥዕል ሳይሆን ባጃጅ ነው።

እናቴ «ይሄ አሞራ ደግሞ ለምኑ ነው?» ብላ ከሥዕሉ ጀርባ የማርያምን ሥዕል ለጠፈችበት። ድሮ ደብተራው በሴቲቱ ቁመት ልክ ብራና አዘጋጅቶ ቅዱስ ሱስንዮስ ሕፃናት ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን ሲወጋ ይስልላት ነበር፤ የኔ ብራና ኤ-4 ነው።

ዛሬ ስምንተኛውን እሞክራለሁ። በረዶው ፍሪጅ ውስጥ ነው፣ መብራት ካልጠፋ።