ሥራ ፈላጊ ጠርተን አልቃሽ መጣ

በ2011 ደብረ ማርቆስ ላይ ዲግሪ የሌለው ወጣት የፈለገ ሰው መዋዕለ ሕፃናት መሄድ ነበረበት። ሌላው ሁሉ ተመርቋል። ተመርቆ ምን ይሠራል? ጠዋት ማስታወቂያ ሰሌዳ ያነባል፣ ከሰዓት ያነበበውን ቡና ላይ ያወራል። ወደ ዓረብ አገር ለሥራ መሄድ በ2006 ታግዶ ነበር። በ2010 እገዳው ሲነሳ የከተማው ደላላ ሁሉ ከተኛበት ነቃ። አንዱ "ካናዳ በሦስት ወር" ይላል። ሌላው "ፖላንድ፣ ክፍያ በሁለት ዙር" ይላል። ፖላንድ የት እንዳለች ብትጠይቁት "ከዱባይ ትንሽ አለፍ ብሎ" ነው መልሱ።

እኛ የሰፈር ልጆች መከርን። ትንሽ ጆብ ፌር ቢጤ እናዘጋጅ፣ ምሩቃኑ ከደላላ አፍ ሳይሆን ከሚያውቅ ሰው ይስሙ አልን። የውጭ አገር ሥራ ሕጉን የሚያውቅ አንድ ባለሙያ ከአዲስ አበባ ለመምጣት እሺ አለ። ሳዑዲ ሠርታ የተመለሰች ነርስም እሺ አለች። የአንድ ኤጀንሲ ተወካይ ደግሞ "እመጣለሁ" ብሎ እስከ ዛሬ እየመጣ ነው።

አዳራሽም አግኝተን ነበር። በዋዜማው ማታ ግን "አስቸኳይ ስብሰባ ስላለ ተይዟል" ተባልን። የአስቸኳይ ስብሰባን ነገር መቼም ታውቁታላችሁ። ሰው ተጠርቷል፣ እንግዳው ሌሊት ሊነሳ ነው፣ እኛ ሜዳ ላይ ቀረን። ያኔ ነው አጎቴ "የእድራችን ድንኳን ተጣጥፎ ቁጭ ብሎ የለም እንዴ!" ያለው። የእድሩ ጸሐፊ "ለምን ጉዳይ ነው?" ብለው ጠየቁ። አጎቴ "ለልጆቹ ጉዳይ ነው" አላቸው። ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ቁልፉን ሰጡን። ድንኳኑን፣ አግዳሚውን፣ ትልልቁን ድስትና ጀበና ጭነን፣ ከንጉሥ ተክለ ሃይማኖት አደባባይ ብዙም በማይርቅ ሜዳ ላይ ሌሊቱን ስንተክል አደርን። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ ጣት አያስጨብጥም።

ባነሩ ሌላ ጣጣ ነበረው። ማተሚያ ቤቱ "የምሩቅ ፎቶ አምጡ" ሲለን የአክስቴን ልጅ የምርቃት ፎቶ ሰጠነው። ጋዎን ለብሶ፣ ቆቡን ደፍቶ፣ ፈገግ ብሏል። መልከ መልካም ልጅ ነው፤ የጎደለው ሥራ ብቻ ነው። ባለ ቀለሙ ማሽን ቀለም አልቆበት ኖሮ ፎቶውን ጥቁርና ነጭ አድርገው አተሙት። ከሥሩ ደግሞ ከምርቃት መጽሔቱ ላይ እንዳለ ገልብጠው "2008 – 2010 ዓ.ም." ብለው ጻፉበት። አካውንቲንግ የተማረባቸው ዓመታት ናቸው። ከዚያ በታች በትልቁ "ወደ ውጭ አገር" ይላል። የቀረውን ጽሑፍ ነፋስ አጥፎታል።

እስቲ እናንተ ፍረዱ። ጎሕ ሲቀድ ከቅዳሴ የሚመለስ ሰው ምን ያያል? የእድር ድንኳን። አግዳሚ። የሚፈላ ቡና። በር ላይ የአንድ ወጣት ጥቁርና ነጭ ፎቶ።

መጀመሪያ ያለፈው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። እሱ ሳይነፋ በዚያ ሰፈር ሰው ሞቶ አያውቅም። እንቅልፍ ጥሎት ያመለጠው መስሎት መሆን አለበት፣ ማንንም ሳይጠይቅ ቤቱ ሮጦ ጥሩምባውን አምጥቶ ሰፈሩን ይዞር ጀመር። እኛ ወንበር ስንደረድር ድምፁን ሰማን። "ማን ሞቶ ይሆን?" ተባባልን። አንዱ ጓደኛችን እንዲያውም "ነፍስ ይማር፤ ከኛ ፕሮግራም ጋር ባይገጥም ግን ጥሩ ነበር" አለ።

ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ድንኳኑ ሞላ። ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው በዝምታ ተቀመጡ። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ። እኔ ደስ አለኝ። "ወላጆችም መጡልን!" እያልኩ የመመዝገቢያ ወረቀት አዞራለሁ። አንዲት እናት ስማቸውን ካስመዘገቡ በኋላ እጄን ጥብቅ አድርገው ይዘው "አይዞህ ልጄ፣ እግዜር ያጽናህ" አሉኝ። ሥራ አጥ መሆኔን ሰምተው ነው ብዬ "አሜን እማማ፣ ሁላችንንም" አልኳቸው።

አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ባነሩ ሥር ቆመው መነጽራቸውን ደጋግመው ጠረጉ። "2008፣ 2010... ሁለት ዓመቱ ነበር?" አሉኝ።

"ሦስት ነው ጋሼ። መደበኛ ነው፣ ኤክስቴንሽን አይደለም።"

ፎቶውን እንደገና አዩትና "ጉድ ነው! ምን ቶሎ አሳደገው?" እያሉ ገቡ።

የሚያናድዱት ምሩቃኑ ናቸው። ክላሰራቸውን ይዘው መጡ፣ ድንኳኑን አዩ፣ ፕሮግራሙ በሐዘን ምክንያት የቀረ መሰላቸው። ጨዋ ልጆች ናቸውና ዝም ብለው አልሄዱም። ክላሰራቸውን አግዳሚ ሥር ደብቀው ትንሽ ተቀመጡ፣ "ነፍስ ይማር" ብለው ወጡ። ስንቱን እንዲህ እንደሸኘን እግዜር ይወቀው። አንዱ ሲወጣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ "ጆብ ፌሩ ለመቼ ተዛወረ?" አለኝ። "ይሄው ነው እኮ" አልኩት። "ነውር ነው፤ በሰው ሐዘን አይቀለድም" ብሎኝ ሄደ።

ያኔ ነው ነገሩ የገባኝ። ግን አልቃሿ ተነሥተዋል። በጎጃም አልቃሽ ከተነሣች ማስቆም አይቻልም፤ ግጥሙ እስኪያልቅ መጠበቅ ብቻ ነው። ሴትየዋ ፎቶውን ሽቅብ አዩት፣ ደረታቸውን ያዙ፣ እንዲህ አሉ፦

ዲግሪውን ታቅፎ፣ ሲዞር ሲንከራተት፣
ቪዛ መጣለት ወይ፣ ለማይመለሱበት።

ድንኳኑ ታመሰ። እኔም እንባዬ መጣ። ልጁ እንዳልሞተ አውቃለሁ፤ ግጥሙ ግን ግማሹ ስለኔ ነበር።

በዚህ መሃል አክስቴ ደረሰች። ጥሩምባ ሰምታ፣ የማንም ይሁን ለቅሶ ነው ብላ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ነው የመጣችው። ሴቶቹ ሲያዩአት ጩኸቱ በረታ። ከግራና ከቀኝ ደገፏት። እሷ "ማን ነው? ኧረ ንገሩኝ፣ ማን ነው የሞተው?" ትላለች። አንዷ ወደ ፎቶው ጠቆመቻት። አክስቴ ፎቶውን አየች። እንባዋን ጠረገች።

"አሁን ፍርፍር አብልቼው ነው የመጣሁት! መቼ ሞተ?"

ከጥግ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አንገታቸውን ነቀነቁ። "ሞት ቁርስ በላህ አልበላህ አይልም እኮ" አሉ።

የአዲስ አበባው እንግዳ የደረሰው ልክ በዚህ ሰዓት ነው። ሦስት መቶ ኪሎ ሜትር ያህል መጥቷል። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ ከተበላሸ የጭነት መኪና ኋላ ተገትሮ፣ ደጀን እስኪወጣ ድረስ አቧራውና ሙቀቱ ዓይኑን በርበሬ አስመስሎታል። ለቅሶ ላይ ዓይኑ የቀላ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ማን ነው? ዘመድ ነዋ! ከመኪናው በቅጡ ሳይወርድ አቀፉት። እየተቀባበሉ አለቀሱበት። እሱም አለቀሰ። በኋላ ስጠይቀው "እንግዳ የምትቀበሉት እንዲህ መስሎኝ ሆዴ ተነካ" አለኝ።

ሟቹ አርፍዶ መጣ። ሙሉ ልብስ ለብሷል፣ ሲቪውን በላስቲክ ይዟል። እዚህ ላይ የሆነውን ሁሉ መዘርዘር አልችልም። አንዲት ሴት "በስመ አብ!" ብለው አማተቡ። አንድ አግዳሚ ከነተቀመጡበት ሰዎች ወደ ኋላ ወደቀ። አንድ ሰውዬ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ ጸበል ረጨው። አክስቴ ግን ቀጥ ብላ ሄዳ በጥፊ አለችው። "ሰው ሞተ ሲባል ቶሎ አትመጣም?"

አሁንስ ሰው ይበተናል ብዬ ነበር። ማንም አልተነሣም። ቡናው ፈልቷል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይዞ መጥቷል፣ ደግሞ ለቅሶ ተደርሶ ወዲያው አይወጣም። ባለሙያው ምን ያድርግ? ብድግ ብሎ የመጣበትን ጉዳይ ለለቅሶ ደራሹ ያስረዳ ጀመር። እመኑኝ፣ ለምሩቃን ቢሆን እንዲያ አይደመጥም ነበር።

የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008ን አነሣ። የቪዛውን፣ የደርሶ መልስ ትኬቱን፣ የሥራና የመኖሪያ ፈቃዱን፣ የመድን ዋስትናውን የሚከፍለው አሠሪው ነው። ሠራተኛው የራሱን ፓስፖርት፣ የሕክምና ምርመራና ክትባት፣ የልደት ምስክር ወረቀት፣ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ይከፍላል። ኤጀንሲ ከሠራተኛው የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም። ይህን ሲል አንዲት እናት ብድግ አሉ።

"እንግዲያ እኔ በሬ ሸጬ ለሰውየው የሰጠሁት የምኑ ነው?"

"ደረሰኝ ሰጥቶዎታል?"

"በማርቆስ ምሎልኛል።"

ማንም አልሳቀም። ከዚያ ሌላዋ ተነሡ፣ ከዚያም ሌላዋ። ከምሩቃን የሰማሁት ጥያቄ "ደመወዙ ስንት ነው?" ብቻ ነው። እናቶቹ ግን ሰውየውን አላስቀምጥ አሉት። ውሉ የተጻፈው በምን ቋንቋ ነው? ፓስፖርቷን ማን ይይዝባታል? ብትታመም ለእኔ የሚደውልልኝ ማን ነው? ባለሙያው ላቡን እየጠረገ መለሰ። ከአዲስ አበባ ሲነሳ ያዘጋጃት ወረቀት ከኪሱ አልወጣችም።

የቀሩት ጥቂት ምሩቃን የራሳቸው ሐዘን ገጠማቸው። "በአዋጁ የተቀመጠው የትምህርት ደረጃ ስምንተኛ ክፍል ነው" ተባለ። ያኔ ሕጉ እንዲያ ነበር። ሟቹ እጁን አወጣ። "እኔ ዲግሪ አለኝ።" ባለሙያው ሳቀና "ጎሽ፣ የስምንተኛ ክፍል ካርድህስ?" አለው። ልጁ ከዚያ ወዲህ የተማረውን ሰባት ዓመት በጣቱ ሲቆጥር አየሁት።

ነርሷ በተማረበት ሙያ ለሚቀጠር መንገዱ ሌላ እንደሆነ ነገረችን። ሳዑዲ በነርስነት ለመቀጠር የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃ ዳታፍሎው በሚባል ድርጅት በኩል ከምንጩ ይጣራል፤ ፕሮሜትሪክ የሚሉት ፈተናም አለ። "ግን መጀመሪያ ኮስት ሼሪንጋችሁን ክፈሉና ዋናውን ዲግሪ አውጡ" አለች። አንዱ ከኋላ "እሱን ለመክፈል መጀመሪያ ሥራ ያስፈልጋል" አላት። ለዚህ መልስ አልተገኘም።

ጣጣው የመጣው በወሩ የእድር ስብሰባ ላይ ነው። ጸሐፊው ለካ ያን ቀን ጥግ ይዘው የመጣውን አባል ምልክት ሲያደርጉ፣ የቀረውን ሲቀጡ ውለዋል። ለቅሶ የቀረ ይቀጣል፤ ደንብ ነው። ከተቀጡት አንዱ አጎቴ ነው። ለባነሩ ገመድ ሊገዛ ገበያ ሄዶ ነበር።

"ኧረ ጋሼ፣ ማንም አልሞተም እኮ!" ብሎ ተከራከረ።

ጸሐፊው መዝገባቸውን ገለጡ። "ጥሩምባ ተነፍቷል። ድንኳን ተተክሏል። ተለቅሷል። ንፍሮ ተበልቷል። ሬሳ ስለቀረ ለቅሶው ቀረ ማለት አይደለም" አሉ። ከዚያ ወደ አክስቴ ልጅ ዞር አሉ። "አንተም አትሳቅ። አርፍደህ ስለመጣህ ግማሽ ቅጣት አለብህ።"