አንድ ቀልድ ለሦስት እንጀራ

በሰሜን ሸዋ ለሚያድግ ቀልደኛ የመጀመሪያው መድረክ የሠርግ ድንኳን ነው። እኔም ደብረ ብርሃን ላይ በዚያው ጀምሬ የቴሌቪዥን ፕሮግራም አቅራቢ፣ ቀጥሎም ደራሲ ለመሆን በቅቻለሁ። መንገዱን የጠረጉልን አሉ፤ አለባቸው ተካ ከልመንህ ታደሰ ጋር ተጣምሮ ሲያስቅ ከቆየ በኋላ በራሱ ስም የተጠራ የቴሌቪዥን ዝግጅት ማቅረቡን ያየ ሁሉ፣ ቀልድ ወደ ስቱዲዮ ሊሻገር እንደሚችል ያውቅ ነበር። ሲሻገር ምን ጥሎ ምን ይዞ መሄድ እንዳለበት ግን ሠርቶ ማየት ይጠይቃል።

በአንድ ቀልድ ላስረዳ። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደብረ ብርሃን የገባ እንግዳ፣ በኅዳር ውርጭ እየተንቀጠቀጠ አንድ የመንዝ አዛውንትን «አባቴ፣ ይህ ብርድ መቼ ነው የሚያልፈው?» ይላቸዋል። እርሳቸውም የለበሱትን ባና፣ ማለትም ከበግ ጠጉር የተሠራውን ወፍራም ልብስ፣ ጠበቅ አድርገው «ልጄ፣ እኔም እሱን ስጠብቅ ነው የሸበትሁ» ይሉታል። በድንኳን ሳቁ የሚፈነዳው ከመልሱ በፊት፣ ጋቢዬን እንደ ባና ወደ አንገቴ ስስብ ነበር። በስቱዲዮ ካሜራው ፊቴን ብቻ አቅርቦ ስለሚይዝ እጄ ከእይታ ወጣ፤ የሚስቅልኝም ሰው ስለሌለ ምላስ መቸኮል ይጀምራል። መድኃኒቱ ከመልሱ በፊት ለአንድ ትንፋሽ ያህል ዝም ብሎ ሥራውን ለዓይን መተው ሆነ። ያው ዝምታ ለቃለ መጠይቅም ጠቀመኝ፤ እንግዳው ተናግሮ ሲያበቃ ቀልድ ካልጣልሁበት፣ ዝምታውን ልሙላ ሲል ያላሰበውን ጨዋታ ያመጣል። በእኔ አስተያየት፣ አቅራቢው ከእንግዳው በላይ ያሳቀበት ፕሮግራም ከሽፏል።

መጽሐፍ ላይ ደግሞ ፊትም ድምፅም የለም። ስለዚህ ባናውንም ውርጩንም በቃላት መሥራት ግድ ነበር። ረቂቁን ሥራው ቀልድ ላልሆነ ሰው እየሰጠሁ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ሲያነብ ፊቱን እመለከት ነበር፤ ሳይስቅ ያለፈውን ገጽ ከማቃናት መሰረዝ ይቀላል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ማተሚያ ቤት ቅድመ ክፍያ ይጠይቃል፣ መጻሕፍት መደብር ግን የሚከፍለው ሲሸጥ ነው፤ የቴሌቪዥኑ ደመወዝ ባይኖር መጽሐፉ አይታተምም ነበር። በምረቃው ዕለት የተሸጠው ብዛት ማንንም አያታልል፤ የገዛው ወዳጅ ዘመድ ነው። እኔ ሁለተኛውን መጽሐፍ መጻፍ የጀመርሁት፣ የመጀመሪያውን በክንዳቸው ደርድረው የሚዞሩት አዟሪዎች «ያለው አልቋል፣ ጨምርልን» ብለው ሲደውሉ ነው።