ከ1200 ዋቱ ይልቅ የበሩ ቀዳዳ

ስፒከሮቿን ስለቀየርኩላት መኪና ነው የማወራችሁ። መኪናዬ ቶዮታ ቪትዝ ናት። ጃፓን ስትሠራ መሪዋ በቀኝ ነበር፣ ዱባይ ላይ ወደ ግራ ዞሮላት ነው አዲስ አበባ የገባችው። ቴፑም የጃፓን ስለሆነ ኤፍኤሙ ከ76 ጀምሮ 90 ላይ ያልቃል። የኛ ጣቢያዎች ደግሞ ከ90 በላይ ናቸው። ስለዚህ አንቴናው ላይ የምትገጠም ትንሽ መቀየሪያ አስገባሁ። እሷ 20 ትቀንስልኛለች፣ ሸገር 102.1ን 82.1 ላይ አዳምጣለሁ ማለት ነው።

ቴፑን ለምን አትቀይረውም ይሉኛል። ትልቅ ስክሪን ያለው ቴፕ ሌባ ይጠራል፣ ይሄኛውን ግን ማንም አይነካውም። ደግሞም ቴፑ ምንም አላጠፋም። ጥፋቱ የስፒከሮቹ ነበር። ከፋብሪካ የመጡት ወረቀት ናቸው፣ ማግኔታቸው ከሻይ ብርጭቆ አፍ አይበልጥም፣ ድምፅ ትንሽ ከፍ ሲል የጥላሁን ገሠሠ ድምፅ በአፍንጫው እንደሚዘፍን ሰው ይሆንብኛል።

ሶማሌ ተራ ሄድኩ። ሻጩ አንድ ካርቶን አንስቶ «ወንድሜ፣ 1200 ዋት ነው እኮ!» አለኝ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ለጌጥ ነው። ማየት ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚለውን ነው፣ ያለማቋረጥ የሚችለው እውነተኛው ዋት ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ በጎን በኩል በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። የዚያኛው ካርቶን ላይ ፈልጌ አጣሁት። ጭራሽ ካልተጻፈ እቃውን መልሱለት። እኔ የገዛሁት 16 ሴንቲ፣ 4 ኦም፣ 60 ዋት አርኤምኤስ የሚል ጥንድ ነው። ሻጩ አዘነብኝ።

በሩን መፍታት እንደሚወራው አይከብድም። ከእጀታው ጀርባና ከመጎተቻው ውስጥ ብሎኖች አሉ፣ ሌላው ክሊፕ ነው። ካቻቢቱን በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከታች ጀምራችሁ ፈልቅቁ። ጨርቁን የረሳሁበት በር ላይ ጭረቱ አሁንም አለ። ስፒከሩ በብሎን ሳይሆን በሪቬት ነው የተያዘው፣ ትራፓኖ ያስፈልጋል። የብረት ፍቅፋቂው ማግኔት ላይ እንዳይለጠፍ አዲሱን ስፒከር ከዚያ አርቁት። እኔ እግሬ ስር ነበር ያስቀመጥኩት።

አዲሱ ስፒከር ቀጥታ አይገጥምም፣ መሃል የሚገባ ቀለበት ይፈልጋል። መጀመሪያ ከኮምፔንሳቶ ልቆርጥ ነበር። የሰፈራችን የመኪና ኤሌትሪሽያን፣ ጋሼ ነው የምላቸው፣ «ክረምት ሲገባ ምን ልታደርግ ነው?» አሉኝ። ለካ በመስታወቱ ጎን የሚወርደው ዝናብ በበሩ ውስጥ አልፎ ነው ከታች የሚፈሰው። እንጨት እዚያ ውስጥ ያብጣል፣ ይበሰብሳል። የፕላስቲክ ቀለበት ገዛሁ። ከማጥበቃችሁ በፊት ደግሞ መስታወቱን እስከ ታች አውርዱና ከማግኔቱ ጋር እንደማይነካካ እዩ።

ገጠምኩ። ከፈትኩ። ቀጭኑ ድምፅ አምሯል፣ የክራሩ ጅማት ሲመታ ይለያል። ባሱ ግን የለም። ቀንሷል አይደለም የምላችሁ፣ የለም። የሠርግ ዘፈን ላይ ከበሮው ካርቶን የሚመታ ይመስላል። አውልቄ የጣልኩት ወረቀት ስፒከር ከዚህ ይሻል ነበር። በዚያ ምሽት የተሸወድኩ መስሎኝ ሻጩን በሆዴ ስሰድበው አደርኩ።

ሻጩ ጥፋት አልነበረውም። ጥፋቱ ሁለት ቦታ ነበር።

አንደኛው ሽቦው ነው። ቶዮታ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የፊት ግራ ስፒከር ሮዝና ሐምራዊ ነው፣ የፊት ቀኝ ደግሞ ፈዛዛ አረንጓዴና ሰማያዊ። ይህን አንብቤ ሄጄ ነበር። የኔ መኪና ግን መሪዋ ሲዞር ክሩስኮቱ በሙሉ ወርዶ ሽቦው ተቆርጦ ተቀጥሏል፣ ከቴፑ ጀርባ ያለው ቀለምና በሩ ጋ ያለው ቀለም አይገናኙም። ጋሼ ተራ የ1.5 ቮልት ድንጋይ አምጥተው፣ ቴፑን ነቅለው፣ ሶኬቱ ላይ ነካ አደረጉት። የግራው ስፒከር ወደ ውጭ ገፋ አለ። የቀኙ ወደ ውስጥ ገባ። ፖዘቲቭና ነጌቲቩ ተገልብጧል ማለት ነው። አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስባል፣ ባሱም መሃል ላይ ይጠፋፋል። እኔ ሁለት ቀን የተብሰለሰልኩበትን እሳቸው በሁለት ደቂቃ ጨረሱት።

ሁለተኛው እኔ ራሴ የሠራሁት ጥፋት ነው። ከበሩ ሽፋን ጀርባ በጥቁር ማጣበቂያ የተለጠፈ ላስቲክ አለ። ስፈታ ቀድጄው «ላስቲክ ነው፣ ምን ያደርጋል» ብዬ ጣልኩት። ስፒከር ወደ ፊት የሚገፋውን ያህል ወደ ኋላም ይገፋል። በሩ ላይ እጅ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ክፍት ከሆኑ የኋላው ድምፅ ዞሮ መጥቶ የፊተኛውን ያጠፋዋል። የፋብሪካው ላስቲክ ውኃ ብቻ ሳይሆን ይህንንም በመጠኑ ይከለክል ነበር። ትልልቆቹን ቀዳዳዎች በቀጭን አሉሚኒየም ላሜራ ሸፈንኩ፣ በላዩ የሚለጠፍ ንጣፍ አደረግኩ፣ በስፒከሩ ዙሪያም ስፖንጅ ዞረ።

ንጣፉ ላይ ደግሞ ሌላ ስህተት ሠራሁ። ለመኪና ተብሎ የሚሸጠው ቡቲል ተወደደብኝና ለጣሪያ ፍሳሽ የሚሸጠውን፣ ጀርባው ብርማ የሆነውን ገዛሁ። ያ ሬንጅ ነው። ሰኔ ላይ ምንም አላለም። ጥቅምት ላይ ፀሐይ ላይ አቁሜያት ስመለስ መኪናዋ አዲስ የተነጠፈ አስፋልት ትሸት ነበር፣ ከግራው በርም ጫፉ ተላቅቆ ተንጠልጥሏል። ፍቄ አውጥቼ ቡቲል ለጠፍኩ፣ መፋቁ አንድ ሙሉ ቅዳሜ በላ። እዚህ ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ፣ የቀረውን ቆጥቡ።

አምፕሊፋየሩን ያስገባሁት ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፣ እንኳንም በኋላ ሆነ። በሩ ከተደፈነ በኋላ ያለ አምፕም ባሱ ተመልሶ ነበር። ሆኖም ቴፑ በአንድ ስፒከር 20 ዋት ያህል ቢሰጥ ነው፣ ከዚያ በላይ ሲጠየቅ ድምፁ ይቀደዳል። ባለ አራት ቻናል፣ በቻናል 50 ዋት አርኤምኤስ የሚሰጥ አምፕ ገዛሁ። ሁለቱ ቻናል ለፊት በሮች፣ ሁለቱ አንድ ቀን ለሚመጣ ባስ። የፋብሪካ ቴፕ የአርሲኤ መውጫ (ድምፁን ወደ አምፕ የሚልክ ሶኬት) ስለሌለው የስፒከር ሽቦ ቀጥታ የሚቀበል አምፕ መሆኑን አይታችሁ ግዙ፣ ያለዚያ መሃል ላይ ሌላ መቀየሪያ ትገዛላችሁ።

የባትሪው ገመድ ላይ ሒሳብ ሠራሁ። አራቱም ቻናል እስከ መጨረሻ ቢሠሩ 200 ዋት ነው። አምፑ ግማሹን ሙቀት አድርጎ ስለሚያባክነው ከባትሪው 400 ዋት ይስባል እንበል። በ13.8 ቮልት ወደ 29 አምፔር። 8 ጌጅ (የውፍረት ቁጥር ነው) ገመድና 30 አምፔር ፊውዝ ይበቃል። የገዛሁት ገመድ ላስቲኩ የወንድ አውራ ጣት ያህላል፣ ጫፉን በቢላ ፋቅ ሳደርገው ግን ከውስጥ ነጭ ነው። መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም። ሽቦውም ከላስቲኩ አንፃር ክር ነው። ከፍቼ በሞካሪ ስለካው ባትሪው ላይ 13.9፣ አምፑ ላይ 13.1። መልሼ እውነተኛ መዳብ ገዛሁ። ፊውዙ ደግሞ ከአምፑ ሳይሆን ከባትሪው አጠገብ፣ ከስንዝር ሁለት ስንዝር ሳይርቅ ይሁን። ገመዱ መንገድ ላይ ላሜራ ቢቆርጠውና ከቦዲ ጋር ቢነካካ መኪናችሁን ከእሳት የሚያድናት እሱ ብቻ ነው። ላሜራውን በሚያልፍበት ቀዳዳም ጎማ አድርጉለት።

ነጌቲቩን የሹፌሩ ወንበር ብሎን ላይ አሰርኩት። ሞተር ሳስነሳ ጥዝዝ ይላል፣ ነዳጅ ስረግጥ አብሮ ይቀጥናል፣ ልክ የወባ ትንኝ። ብሎኑ ስር ቀለምና ዝገት ነበር። ሌላ ቦታ ቀለሙን እስከ ነጭ ብረት ፍቄ፣ ገመዱን አሳጥሬ ሳስረው ጠፋ።

አምፑ ላይ ጌይን የምትለዋ ቁልፍ ቮልዩም አይደለችም፣ አምፑን ከቴፑ ጋር ማመጣጠኛ ናት። ብዙ ሰው እስከ መጨረሻ ያዞራትና ስፒከሩን ያቃጥላል። እኔ ስፒከሮቹን ነቅዬ፣ 60 ኸርዝ ድምፅ ሲዲ ላይ አስቀድቼ፣ የቴፑን ቮልዩም ሦስት አራተኛ ላይ አድርጌ፣ ሞካሪውን ኤሲ ላይ አድርጌ የአምፑን መውጫ ለካሁ። የአምፑ 50 ዋት በስፒከሩ 4 ኦም ሲባዛ 200፣ ስኩዌር ሩቱ 14.1 ቮልት። እዚያ ሲደርስ አቆምኩ። ጌይኗ ገና ከሩብ ብዙም አላለፈችም። በመጨረሻ ዝቅተኛውን ድምፅ የሚያስቀረውን የአምፑን ማጣሪያ 80 ኸርዝ ላይ አደረግኩት፣ ከዚያ በታች ያለውን 16 ሴንቲ ስፒከር ከመጮህ በቀር አይችለውም።

አሁን ጥላሁን መሃል ላይ ቆሞ ነው የሚዘፍነው፣ ክሩስኮቱ ላይ። ባስ ክራር ሲመታ ወንበሩ ጋ ይሰማል። አንድ ነገር ብቻ ነበር የቀረው፣ ከግራው በር አንድ ኖታ ላይ ብቻ የሚመጣ ቅጭልጭል። ሁለት ሳምንት ፈለግኩት። ክሊፕ ቀየርኩ፣ ስፖንጅ ጎሰርኩ። መጨረሻ ላይ እጄን ከታች እስከ ክርኔ አስገብቼ አንድ ባለ 10 ቁጥር ብሎን አወጣሁ። የኔ አይደለም፣ የኔዎቹን ቆጥሬያለሁ። ዱባይ ላይ የረሱት መሆን አለበት። የሲጋራ መተርኮሻው ውስጥ አስቀመጥኩት፣ እዚያም ይቅጨለጨላል።